ስለ ሕፃን አርሴማ ከመሪጌታ ገብረየሱስ ጋር የተደረገ ክርክር

ባለፈው ጥቅምት ከቀየት ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ፣ የተሳፈርንበትን አውቶቡስ ሜዳው ላይ ጉም ዋጠው። ሾፌሩም እስኪገልጥለት ዳር ይዞ ቆመ። መንገዱም፣ ሣሩም፣ ሰማዩም አንድ ነጭ ነገር ሆኑ፤ የሰው ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የማይተዋወቅ ሰው ይጨዋወታል። እኔ አስተማሪ ነኝና መስማት እወዳለሁ።

ከፊቴ መሪጌታ ገብረየሱስ የተባሉ አዛውንት ቄስ የልጅ ልጃቸውን አርሴማን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ዶክተር እፀገነት የምትባል የሕፃናት ሐኪም ነበረች። ሕፃኗ እንቅልፍ ወስዷት ቀሚሷ ሲገለጥ፣ ሐኪሟ በእግሮቿ ላይ የበለዘ ምልክት አየች።

«አባቴ፣ ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች ቀስ ብላ።

መሪጌታ ቀሚሱን መለስ አደረጉት። «የእንጀራ እናቷ የእታገኝ እጅ ነው፣ ልጄ። አልመታኋትም ብላ ብትምልም ማን ይመናት? ወደ ወላጆቿ ሰደድናት። ልጅቱን ለአክስቷ ላደርሳት ነው፤ ነገሩም በዚሁ አበቃ።»

«ሐኪም አይቷታል?»

«ሐኪም የበሽታ እንጂ የገመና ዳኛ አይደለም። አይቶ ፖሊስ ቢጠራ አባቷ፣ ልጄ ስንታየሁ፣ ሊታሰር ነው። የቤት ጉድ በቤት ይቅር።»

«እውነትዎን ነው፤ ሐኪም ብቻውን መፍረድ የለበትም። በልጆች ጥበቃ የምንሠራ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ያቆምነውም ለዚሁ ነው። አንዱ ያየውን ለሌላው ያሳያል፤ እንከራከራለን፤ እንማማራለን። በሰው እጅ የተጎዳ ልጅ እንዳያመልጠን፣ እጁን ያላነሳ ሰውም በከንቱ እንዳይጠረጠር።»

«የሰው ምስጢር በማኅበር ሊወራ ነው?»

«ስም አናነሣም። እርስዎ ምስጢር እንደሚጠብቁ እኛም እንጠብቃለን። ልጅን ለአደጋ የሚሰጥ ምስጢር ግን አንሸሽግም። ለመሆኑ መሪጌታ፣ ንባብ ሲከብድዎ ብቻዎን ይፈቱታል?»

አዛውንቱ ፈገግ አሉ። «ብቻውን የሚፈታ ይስታል። ጉባኤ ይጠየቃል እንጂ።»

«ታዲያ የዚህች ልጅ ገላ ከንባብ ያንሳል?»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከጉሙ ውስጥ በጎች ብቅ ብለው እንደ ሕልም ተመልሰው ጠፉ። ሰው ከፈረደ በኋላ ልቡን መክፈት ምን ያህል እንደሚከብደው የዚያን ጊዜ ከፊታቸው አነበብሁ።

ሐኪሟ እንደገና ጠየቀች። «እታገኝ ከሄደች ወዲህ አዲስ ምልክት አልወጣባትም?»

«ወጥቷል» አሉ። «ጉልበቷ ላይ። ወድቃ ይሆናል ብዬ ተውሁት።»

«ድዷስ ይደማል?»

«ጠዋት ጠዋት ይደማል።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ደሟ ይመርመር። ምን እንደሆነ ከአሁኑ አልናገርም፤ ባልደረቦቼም ይዩአት።»

መሪጌታ ልጅቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው «እሺ፣ ውሰጅን» አሏት።

የሆነውን መሪጌታ የነገሩኝ ጥር ላይ ቀየት ገበያ ስንገናኝ ነው። የአርሴማ ሕመም ደሟ ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ሳትመታም ገላዋን የሚያበልዝ ኖሮ፣ ሐኪሞቹ ተመካክረው ደርሰውበት በመድኃኒት ተሽሏታል። ለብቻዋም ስለ ቤቷ በእርጋታ ቢያነጋግሯት፣ ልጅቱ የጠየቀችው «እታገኝ መቼ ትመጣለች?» ብላ ነበር።

«ሽማግሌ አልላክሁም» አሉኝ መሪጌታ። «ራሴ ሄጄ ደጇ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት።»

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦ «በሕፃን ገላ ላይ ምልክት ብታዩ አትሸሽጉ፤ ፈጥናችሁም አትፍረዱ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱ። ተመትታ ከሆነ ከሚመታት ትድናለች፤ ታማ ከሆነ ትታከማለች፤ ያልበደለም ሰው ከቤቱ አይሰደድም።»

እታገኝ ከሴቶቹ መካከል አርሴማን አዝላ ቆማ ትሰማ ነበር። ይቅር ማለቷን ማንም አልነገረኝም። መሪጌታ ተናግረው ሲጨርሱ ግን፣ እታገኝ ሕፃኗ መስቀላቸውን እንድትሳለም ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።