በደጃፉ ደረጃ ላይ የተቀመጡት

ወንድሜ አቶ ልሳነወርቅ ጸጋዬ ከአባታቸው ከአቶ ጸጋዬ ዓለሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘ በላይ በጎንደር ከተማ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በዚያው ከፈጸሙ በኋላ፣ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰደው ዋሽንግተን ገቡ። አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር በአንድ ምግብ ቤት ሳህን እያጠቡ የኪነ ጥበብ ታሪክ አጥንተው፣ እስከ ጡረታቸው በአንድ ቤተ መዛግብት የጥንት ፎቶግራፍ አጥኚ ሆነው ሠሩ።

ሥራቸው ፎቶግራፍ ገና ሲጀመር የተነሡትን የአውሮፓ ጎቲክ፣ ማለት ባለ ሹል ቅስት፣ አብያተ ክርስቲያናት ፎቶዎች መመርመር ነበር። ያኔ አንድ ፎቶ ማንሣት ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ እየተራመደ የሚያልፈው ሰው ሳይታይ ሲቀር፣ ከደጃፉ የተቀመጡት ነዳያን ግን ቁልጭ ብለው ይወጡ ነበር። አንዳንድ ፎቶ ሻጮች ታዲያ ገዢው ግንቡን እንጂ ድሃውን ማየት አይሻም ብለው ነዳያኑን ፎቶው ከተነሣበት መስተዋት ላይ በስለት ፋቁ። ወንድሜ የተፋቀውን ቦታ ባዩ ቁጥር በመዝገቡ ላይ «እዚህ የተቀመጠ ሰው ነበር» ብለው ይጽፉ ነበር።

ከወይዘሮ አጸደ ጋር በተክሊል ተጋብተው፣ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ዮዲትንና ዮናስን ወልደው አሳደጉ። ወይዘሮ አጸደ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ከፈረንጆች በገዛነው በዚህ በአሌክሳንድሪያው አሮጌ ጎቲክ ሕንፃ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያስቀድሱ ነበር። ኮሚቴያችን የሕንፃውን ፎቶ በካላንደር ሲያሳትም ግን እሳቸውን ከደረጃው አጠፋቸው። ወንድሜ ሄደው ቢጠይቁ፣ አንዱ የኮሚቴ አባል «ጋሼ፣ ፎቶው ክሊን እንዲሆን ኤዲት አደረግነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም» አላቸው። ይህን በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳነብ ኮሚቴውን ብቻ አልወቅስም፤ ካላንደሩን በየሳሎናችን የሰቀልነው ሁላችን ነንና። ወይዘሮ አጸደ ከዚያ ወዲህ፣ ከዛሬ በቀር፣ ይህን ደጅ አልረገጡም።

ወንድሜ በጉበት ሕመም ተይዘው ሆስፒታል በተኙበትም ካላንደሩ እንዲታረም ሲማጸኑ ቆይተው፣ መልስ ሳያገኙ ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። በእጃችሁ ባለው የሽኝት ወረቀት ላይ የወጣው፣ በኑዛዜያቸው መሠረት፣ የራሳቸው መልክ ሳይሆን ያልተነካው የደጃፉ ፎቶ ነው። በስተግራ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ባለቤታቸው ናቸው።

ወይዘሮ አጸደን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ዓብዩን ትተው ሄደዋል፤ ማንንም ከደጁ የማያጠፋ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። ወይዘሮ አጸደ ዛሬ ከፊት ወንበር ቢቀርብላቸው እንቢ ብለው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አስከሬኑ ሲወጣ በአጠገባቸው ያልፋልና፣ መንገድ ልቀቁ ብላችሁ እንዳታስነሧቸው።