የጋሼ ተሻገር አምፕሊፋየር

አባቶቼ ካህናት፣ የዕድራችን ዳኛና አባላት፣ ከእስቴና ከስማዳ ሌሊቱን ተጉዛችሁ የደረሳችሁ ወገኖች፣ የንፋስ መውጫ ሰዎች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አፈሩ ሳይመለስ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ። መምሬ ደምሌ ፈቅደውልኛል።

የጋሼ ተሻገር የሕይወት ታሪክ አሁን ተነቧል። ስማዳ እንደተወለዱ፣ ሠላሳ አራት ዓመት በእንስሳት ሐኪምነት ይህን አገር በእግራቸው እንደዞሩ ሰምታችኋል። ጥሩ ተጽፏል። አሟሟታቸው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። «በድንገተኛ አደጋ» ይላል። እኔ የቆምኩት ስለዚያች መስመር ነው።

አስማረ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ቴፕና ቴሌቪዥን የምጠግነው ነኝ። ብዙዎቻችሁ ቤት ገብቻለሁ። ጋሼ ቤት ግን እንደ ልጅ ነበር የምገባው።

ከትናንት ረፋድ ጀምሮ በከተማው አንድ ወሬ ይዞራል። ድንኳኑ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። አሁንም ከኋላ ስትንሾካሾኩ እሰማለሁ። «ሚስቱ ናት ወለሉን ያጠበችው» ትላላችሁ። «ሲሚንቶው ባይረጥብ አይሞትም ነበር» ትላላችሁ። እትዬ ፈትለወርቅም ይህንኑ ሰምተው፣ ደረታቸውን እየመቱ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ሲሉ አደሩ። ክንዱ፣ አንተ ወንድማቸው ነህ። ከትናንት ጀምሮ እኅትህን ቀና ብለህ አላየሃትም። አይቼሃለሁ።

ጋሼን ማን ገደላቸው? እነግራችኋለሁ። ከመነሻው ካልጀመርኩ ግን አይገባችሁም። ታገሡኝ።

አምፕሊፋየሩ የመጣ ዕለት ከባጃጅ ያወረድነው ለሁለት ነው። ባለ ባጃጁ «ወፍጮ ነው እንዴ?» አለ። ጡረታ በወጡ ዓመት ከባሕር ዳር ያመጡት ዕቃ ነው። ጉልበቱ ለሠርግ ድንኳን ይተርፋል። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? ገና ሳይጮህ ሽማግሌ ላከ! መምሬ፣ እርስዎ አንዱ ነበሩ፤ ያስታውሳሉ። ሦስት ሆናችሁ ገባችሁ፣ ተቀመጣችሁ፣ ጠላ ቀረበ። ጩኸቱ እስኪጀምር ጠበቃችሁ። ግማሽ ሰዓት ሞላ። በመጨረሻ እርስዎ «ተሻገር፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» አሏቸው። ጋሼም «ከገባችሁ ጀምሮ እየተጫወተ ነው አባቴ» አሉ። ዝም አላችሁ። ያኔ ነው በገናው የተሰማችሁ።

እኔም አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ከሁለት ቁጥር ላያሳልፉት ይህን ሁሉ ጉልበት ምን ያደርጉለታል?» አልኩ። «ትንሹን ቴፕ ዝቅ ስታደርገው ግማሹ ነገር ይጠፋል። ይኼ ዝቅ ብሎም ምንም አይጥልብኝም። ዝም በልና ስማ» አሉኝ። ጆሯቸው የሐኪም ጆሮ ነበር። የላም ጎድን ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ሳንባዋን የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። እኔ የማልሰማውን ይሰሙ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ አስጮኹት። ያለፈው ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። በረዶው ወርዶ ሲያበቃ ጉሙ መሬት ነካ። ከተዝካር የሚመለሱ ሰዎች ሜዳው ላይ ቀሩ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሲጣሩ እንሰማለን፤ አናያቸውም። እነሱም እኛን አያዩም። ጋሼ ሁለቱን ስፒከሮች ከኔ ጋር ተሸክመው በረንዳው ላይ አወጡ። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። እጃቸው ያገኘውን ካሴት ከተቱና ቁልፉን እስከ ዘጠኝ አዞሩት። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ካሴቱ ምን ነበር? እሳቸው ራሳቸው የዛሬ አርባ ዓመት ስማዳ፣ አባታቸው አውድማ ላይ የቀዱት ነው። የበሬው፣ የመንሹ፣ የወቂዎቹ ሆታ። ያ ሆታ በጉሙ ውስጥ ሄደ። ሰዎቹም ወደ ድምፁ መጡ። አንድ በአንድ መጡ። አሥራ አራት ነበሩ፤ አንድም አልቀረም። የመጨረሻዋ እማማ ዓለምወርቅ ናቸው። ይኸው እዚያ ቆመዋል። ነጠላቸው ውኃ እየተንጠባጠበ በረንዳው ላይ ወጥተው ምን አሉ? «በሐምሌ እህል የሚወቃ ማን የሚሉት እብድ ነው?» አሉ። ጋሼ እየሳቁ እንባቸው መጣ።

ሳቃችሁ። እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ። የጋሼ ሞት የጀመረው ግን ያን ቀን ነው።

ካሴቱ ሲጮህ ጋሼ አንድ ነገር ሰሙ። ከሆታው ሥር የሰው ድምፅ አለ። አባታቸው ናቸው። አርባ ዓመት ያ ካሴት እጃቸው ላይ ነበር፤ አባታቸው ውስጡ እንዳሉ አያውቁም ነበር። የሚሉት ግን አይለይም። አምፕሊፋየሩ ከሥር እምም ይላል፤ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ። እኔ ጆሮዬን ካልደቀንኩበት አልሰማውም። እሳቸውን ግን እንቅልፍ ነሳቸው። «አስማረ፣ ይህችን እምምታ አጥፋልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አሉኝ።

አጠፋሁላቸው። በመስከረም ነው። እንዴት አጠፋሁ? የሶኬቱን ገመድ ፈታሁና ሦስተኛዋን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኳት። ብጫና አረንጓዴዋን። ቀጥ አለ። ዝም አለ። ካሴቱን መልሰን ከፈትን። የአባታቸው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ተሻገር፣ ውኃ ጠጥተሃል?» ይላል። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። አባትየው በዚያው ዓመት ነው የሞቱት። ጋሼ መልሰው ከፈቱት፤ ደግመው፣ ደጋግመው። ከዚያ ፊታቸውን ሸፈኑ። «እኔ እኮ አልመለስኩለትም። ቴፑን ስነካካ አልሰማሁትም» አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ያቺ ሽቦ ኧርዝ ትባላለች። ሥራዋ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ዕቃው ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በእሷ ይወርዳል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሰው ይተርፋል። እሷ ከሌለች ብረቱ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር! ሙያውን ስማር በመጀመሪያው ሳምንት ነው የነገሩኝ። አውቄ ቆረጥኳት። ምን ይሆናል ብዬ ቆረጥኳት።

ክንዱ፣ ጠብቅ። አልጨረስኩም። ስጨርስ ከዚህ አልሸሽም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ጋሼ ሱቄ መጡ። «አስማረ፣ ያ ነገር ስነካው ይነዝረኛል» አሉኝ። ይነዝረኛል አሉኝ! ምን መለስኩ? ሳቅሁ። «ጫማ ያድርጉ ጋሼ» አልኩ። በሳምንቱ መንገድ ላይ አገኙኝ። «አሁንም ይነዝረኛል» አሉኝ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩ። ዓርብ ዕለት ለሥራ አርብ ገበያ ከተማ ወረድኩ፤ ሥራ በዛብኝ፤ ቅዳሜ አልሄድኩም። እሑድም አልሄድኩም። ትናንት ረፋድ ላይ ጋሼ በረጠበው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው ካሴቱን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ።

አሁን ንገሩኝ። ወለል ማጠብ ወንጀል ነው? የትኛዋ የቤት እመቤት ናት ወለሏን የማታጥብ? እትዬ ፈትለወርቅ አምፕሊፋየሩ ከመጣ ጀምሮ ያን ወለል አምስት ዓመት ሲያጥቡት ኖረዋል። አንድ ቀን ሰው ሞቶበታል? ሽቦዋ ብትኖር ትናንትም ማንም አይሞትም ነበር። እትዬ፣ ቀና ይበሉ። እባክዎ ቀና ይበሉ። እርስዎ አልገደሉም። እኔ ነኝ። ወሬውን ከዚህ ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ የኔን ስም ይዛችሁ ሂዱ። አስማረ በሉ። ክንዱ፣ እኅትህ አጠገብ ሂድና ቁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ያቺን ሽቦ የቆረጥኩት ጋሼ ቤት ብቻ አይደለም። አጉረመረመብን ላላችሁኝ ቆርጫለሁ። ሶኬቱ አልገባ ላላችሁኝ ሦስተኛዋን ጥርስ ሰብሬላችኋለሁ። አሥራ አንድ ቤት ነው። ሌሊቱን ሁሉ ስቆጥር አደርኩ። ትዕግሥት፣ የምግብ ቤትሽ ፍሪጅ። ሞገስ፣ የፀጉር ቤትህ ስፒከር። የቀራችሁትን ስትወጡ በሩ ላይ እነግራችኋለሁ። ቤት ስትደርሱ ብረቱን አትንኩ። መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፉ፣ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ። ቤት የቀረ ሰው ካለ አሁኑኑ ደውሉ። ደውሉ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ? ጋሼ ቢሆኑ ይሉኝታ ሳይዛቸው በቀብር መሐል ይደውሉ ነበር። ነገ ጠዋት አሥራ አንዱንም ቤት እዞራለሁ። ከዚያ በኋላ ሕግም ሆነ ሽማግሌ ያለኝን እቀበላለሁ።

ጋሼ ተሻገር፣ ሁለት ጊዜ ነግረውኝ አልሰማሁዎትም። እርስዎ አርባ ዓመት የቆየ ድምፅ ፈልገው የሰሙ ሰው ነበሩ፤ እኔ ግን ፊቴ ቆመው የነገሩኝን አልሰማሁም። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን እላለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ወንዶች አፈሩን ስትመልሱ እኔ አካፋ አልይዝም። እትዬ ፈትለወርቅ ካልጠሩኝ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ። ባይጠሩኝም አልቀየምም።

ደህና ይሂዱ ጋሼ። አባትዎ ጋ ሲደርሱ «ውኃ ጠጥተሃል?» ብለው ይጠይቁዎታል። አሁን ይመልሱላቸው።