ከቀለሙ በታች

አቶ መሸሻ ያን ቀን ጠዋት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ የቀራንዮ ታክሲ ይጠብቁ ነበር። የሚያያቸው ሰው ሠርግ የሚሄዱ እንጂ መኪና ሊገዙ የሚሄዱ አይመስለውም። የጎረቤታቸው የአቶ ያደሳ ልጅ ሀዊ በሰልፉ መካከል አየቻቸውና ቀርባ እጅ ነሣች። ሀዊ ምህንድስና ተምራ የተመረቀች፣ በአንድ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ የምትሠራ ልጅ ናት።

«ጋሼ መሸሻ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ አምሮብዎታል፤ ማን ሊዳር ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። የጉተማን መኪና ላመጣ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ባለቤቱ ልትሸጣት ቆርጣለች። ከሰው ሁሉ በፊት እኔ ዘንድ ላከች።»

«ቀይዋን? ያቺን ባለሁለት በሯን?»

«ቀይዋን» አሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

ከአርባ ዓመት በፊት፣ አሰብ ወደብ ይሠራ የነበረው ባልንጀራቸው ጉተማ በዕረፍቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይዟት የመጣት ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ነበረች። ኮፈኗ ረጅም፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ የተቀመጠባት ሰው መንገዱን በጀርባው የሚነካ የሚመስለው። ጉተማ አንድ ቀን አሳፍሯቸው በአስኮ አልፈው እስከ ቡራዩ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አቶ መሸሻ ጨርቅ ሸጡ፣ ቤት ሠሩ፣ አራት ልጅ አስተማሩ፣ ዕቃ የምትጭን ፒካፕም ገዙ። በፒካፗ መስታወት ወደ ፊት ሲመለከቱ ግን የሚታያቸው ያ ረጅም ቀይ ኮፈን ነበር። አሁን ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅዬም፣ «እንግዲህ ያማረህን አድርግ፤ እኔንም አንድ ቀን በእሷ ታዞረኛለህ» ብለዋቸዋል።

«ከሥሯ ማን አየልዎት?» አለች ሀዊ።

«የምን ከሥር?»

«መኪናዋን፣ ጋሼ። ዝገት ይኖራት እንደሆነ።»

የአቶ መሸሻ ፊት ጠቆረ። «የጉተማ መኪና ናት አልኩሽ እኮ።»

እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ባቆሙት ዕድር ውስጥ ያልተጻፈ ደንብ አለ። ከሟች ቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው በዋጋ አይከራከርም፤ ዕቃውንም አያገላብጥም። እንዲያ ማድረግ ባልንጀራን በመቃብሩ መጠርጠር ይመስላቸዋል። ደንቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ብረት ግን ፍቅር አያውቅም፤ የሚያውቀው ውሃና አየር ነው።

ሀዊ ዕረፍቷ ስለነበር አብራቸው ለመሄድ ጠየቀች። «ነይ፤ ግን እጅሽን ሰብስበሽ» አሏት። ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ጨርቅ ከአስመጪ ሲረከቡ ጣቃውን አይዘረጉትም ነበር?»

«እንዴት አልዘረጋ! ብርሃን ላይ ነው የማየው። ከውስጥ ብል የበላው ይኖራል።»

«የሚያምኑት ነጋዴ ቢሆንስ?»

«እሱ ምን ያውቃል፤ ተጠቅልሎ ነው የመጣለት» አሉ። ወዲያውም፣ «ወዴት እየወሰድሽኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ጨርቅና ባልንጀራ አንድ አይደሉም» አሏት።

«መኪናና ባልንጀራስ አንድ ናቸው እንዴ?»

ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ መሸሻም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«አሰብ የባሕር ዳርቻ ነው» ብላ ቀጠለች ሀዊ፤ «አየሩ ጨው አለው። ጨው አንዴ ላሜራ መካከል ከገባ እዚያው ይቀመጣል፤ የእኛ ክረምት ደግሞ እርጥበቱን ይጨምርለታል። ዝገት ሁልጊዜ ከፊት ለፊት አይመጣም። ውሃ ገብቶ መውጫ ካጣበት ቦታ፣ ከውስጥ ይጀምራል። ቀለሙ ወሬውን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ቀለሟ አዲስ ነው። በቅርብ ነው ያስቀቧት።»

«እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው።»

አቶ መሸሻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ወለተጻድቅ በር ላይ ተቀበሏቸው። መኪናዋ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። አጠገቡ በሚሠራው ፎቅ አቧራ ሰፈሩ ሁሉ ነጥቷል፤ እሷ ግን ተወልውላ ታበራለች። አቶ መሸሻ ኮፈኗ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ የልጅነት ወዳጅን ትከሻ የነኩ ያህል እጃቸው ቶሎ አልነሣ አላቸው።

«ቁልፉ ይኸውልዎት» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። «እሱም ቢሆን ወደ እርስዎ ብትሄድ ደስ ይለዋል።»

ሀዊ ቃሏን ጠብቃ እጇን ሰብስባ ቆማለች። ብቻ ቀስ ብላ፣ «እማማ ወርቅዬ የሚቀመጡት በየት በኩል ነው?» አለቻቸው።

«በቀኝ ነዋ።»

«መቀመጫው የታሰረው ከወለሉ ጋር ነው፣ ጋሼ። ወለሉን ሳያዩ እሳቸውን ያስቀምጧቸዋል?»

አቶ መሸሻ የተቀበሉትን ቁልፍ በመዳፋቸው ጨበጡ። ወደ ሴትዮዋም ዞሩ።

«ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ቅር ካላልዎት ይህች ልጅ መኪናዋን ከሥር ትያት።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። «ጉተማ የደበቀው ነገር አለ ብለው ነው?»

«ጉተማን አልጠረጠርኩም።»

«እማማ» አለች ሀዊ፣ «እርስዎም ያላዩትን ነው የምናየው። ነገ አንድ ነገር ቢገኝ በማያውቁት ጥፋት ስምዎ እንዳይነሣ።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናነቡ። «እዩት እንግዲህ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ሀዊ ከቦርሳዋ ትንሽ ማግኔት አወጣች። ቀለሙን እንዳትጭር በመሐረብ ጠቅልላ ለአቶ መሸሻ ሰጠቻቸው። «እርስዎ ይያዙት፤ እጅዎ ራሱ ይነግርዎታል።» ጣሪያው ላይ አስጠጉት፤ ያዘ። በሩ ላይ ያዘ። ከበሩ በታች፣ ደፉ ላይ ሲያስጠጉት ግን አልያዘም። ፈቀቅ አድርገው ደግመው ሞከሩ፤ ማግኔቱ ከእጃቸው አምልጦ መሬት ወደቀ።

«እዚህ ላይ ላሜራ የለም» አለች። «የቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ ነው፤ በላዩ ቀለም ተቀብቶ።»

ምንጣፉን ገለጡ፤ የረጠበ አፈር ሽታ ወጣ። በመጨረሻ ሀዊ ከመኪናዋ ኋላ ክሪኩን አውጥታ ከደፉ ሥር አግብታ ማንሣት ጀመረች። አንድ ደረቅ ነገር ተንኮሻኮሸ። ክሪኩ ወደ ላይ ሄደ፤ መኪናዋ ባለችበት ቀረች። ከሥሯ ቡናማ ቅርፊት እየረገፈ መሬቱ ላይ ተከመረ።

አቶ መሸሻ በሙሉ ልብሳቸው ተንበረከኩ። አንገታቸውን አዘንብለው ወደ ውስጥ ሲያዩ፣ ሰፊ ቀዳዳ ታያቸው፤ በቀዳዳው ውስጥ የቀኙ መቀመጫ ጨርቅ ይታያል። ቀስ ብለው ከመሬት ተነሡ።

ቀድመው የተናገሩት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው። «ያስቀባት የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ለገዢ ታምር ብሎ። ቀለም ቀቢዎቹ ምን እንደደፈኑ እሱም አላየ። ጉተማ ግን ሳያውቅ አልቀረም። መጨረሻ ላይ እኔንም ልጆቹንም አያሳፍርም ነበር። ሲሄድም ብቻውን ነበር የሚሄደው። ስስት ይመስለኝ ነበር።»

«እኔም» አሉ አቶ መሸሻ።

ጉተማ ከዚያች አንድ ቀን በቀር አላሳፈራቸውም ነበር። ብዙ ዓመት በሆዳቸው የያዙት ቅሬታ በዚያች ቃል ወጣላቸው።

«ትናንት አንድ ሙሽራ መጥቶ ነበር» አሉ ወይዘሮዋ ቀስ ብለው። «አቶ መሸሻ ካልወሰዷት ብዬ መለስኩት። ሙሽሪትን አስቀምጦ ሊሄድባት ነበር። አሁንማ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንን አሳየዋለሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ፤ ስትመጪ በክፉ ዓይን አይቼሽ ነበር።»

«አይጠገንም?» ብለው ጠየቁ አቶ መሸሻ።

«ይጠገናል። የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ግን ረጅም ሥራ ነው፤ በከፈቱት ቁጥር ሌላ ይወጣል። ጋራዥ ላለውና ለማይቸኩል ሰው ትሆናለች።»

አቶ መሸሻ ዕድሜያቸውን ያውቃሉ። ሞተሩን አንድ ጊዜ እንዲያስነሡት ፈቃድ ጠየቁ፤ ቆመው፣ እጃቸውን በተከፈተው በር አስገብተው አስነሡት። ያን ድምፅ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ አጠፉና ቁልፉን በሁለት እጃቸው ለወይዘሮ ወለተጻድቅ መለሱ።

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ለሀዊ እንዲህ አሏት፦ «ይህን ነገር ዕድር ላይ እናገራለሁ። ከሟች ቤት የምንገዛውን ሁሉ ቤተሰቡ ባለበት ገልጠን እንየው። ገዢው አይጎዳም፤ ሻጯ አትታማም፤ ሟችም ያላደረገው አይወራበትም። ክብር ማለት አለማየት መስሎኝ ኖሬያለሁ። ለካ አይቶ እውነቱን መናገር ነው ማክበር።»

«ሽማግሌዎቹ ይቀበሉዎታል?»

«መጀመሪያ ይሰድቡኛል። ከእነሱም ጀይሉ ከሁሉ ይብሳል። ማግኔቱን አውሺኝና እሱ ደጅ ከቆመችው መኪና እጀምራለሁ።»

ሀዊ ሳቀች። እርሳቸው አልሳቁም።

ቤታቸው ሲደርሱ ወይዘሮ ወርቅዬ ደጅ ላይ ነበሩ። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ነፋስ ፀጉራቸውን እንዳይበትነው ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረዋል። ከባለቤታቸው ጀርባ ባዶውን መንገድ ተመለከቱ።

«የታለች?»

«ተውኳት። ወለሏ ተበልቷል፤ አንቺን የማስቀምጥበት የላትም።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ጉልበታቸው ላይ ያለውን አፈር አዩና በመዳፋቸው አራገፉላቸው። «እኔ እኮ ደህና ነኝ፤ ቤቴ ነኝ» አሉ። «ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

አቶ መሸሻ ደጁ ላይ ባለው ድንጋይ ቁጭ አሉ።

«ሞተሯ» አሉ፣ «ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ወርቅዬ።»