የአያ ዳኛው ላምና የቀሐ ዳር ቆሻሻ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ወደ ቀሐ ወንዝ ስወርድ የሰፈራችንን ሽማግሌ አያ ዳኛውን ላማቸውን ውኃ ሊያጠጡ ሲነዱ አገኘኋቸውና አብረን ወረድን። እኔ የምሄደው ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር የወንዙን ዳር ለማጽዳት ነበር። ሥራውን ያስተባበረችው በከብት ሕክምና የተመረቀችው ዳግማዊት ናት። ሽማግሌውን ስታይ ጓንቷን አውልቃ እጅ ነሣች።

«እንደምን አደሩ አያ? ጥቂት ቢያግዙን ደስ ይለን ነበር።»

«ምነው ልጄ፣ ያን ያህል ተምረሽ ቆሻሻ ለቀማ ያዝሽ?»

«እንጀራዬስ ሌላ ነው አያ። ይህን በፈቃዴ ነው የምሠራው።»

«የጣለው ያንሣው። ለማዘጋጃ ቤቱም ግብር እንከፍላለን።»

«እውነትዎን ነው፤ ይጠየቅ። እስከዚያው ግን ከብቶቹ እዚሁ ይግጣሉ። ምግብ ምግብ የሚሸት ፌስታል ከሣሩ ጋር ይውጡና ከሆዳቸው ሳይወጣ ይቀራል።»

አያ ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔን ጊደር የገደላት ፌስታል አይደለም፤ ዓይን ነው። የትነበርሽ በደጄ ስታልፍ ‹ሸጋ ጊደር› ብላ ነበር፤ ጊደሯ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።»

ወይዘሮ የትነበርሽ እሳት ሲጫጫሩ የኖሩ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው። ከጊደሯ ሞት ወዲህ ግን ሁለቱ ሰላምታ አቋርጠዋል።

«ሆዷ ተከፍቶ ታየ?» አለች ዳግማዊት።

«በክት ማን ይከፍታል? ለጅብ ተጣለች።»

ክርክሩ በዚሁ አበቃ። እሳቸው ላማቸውን ነዱ፣ እኛም ሥራችንን ቀጠልን።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ያችው ላም ሆዷ ተነፍቶ ወደቀች። ዳግማዊት ተጠርታ መረመረቻትና «አያ፣ አትድንም። ሳትሞት ትታረድና ፈርሷን አብረን እንየው» አለች። ታረደች። ፈርሱ ሲገለበጥ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፌስታል፣ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭና የጫማ ሶል ወጣ። አያ ዳኛው በዱላቸው እያገላበጡ አዩት።

«ጊደሯንም ይኸው ይሆን የገደላት?»

«ያልተከፈተ ሆድ ነውና እርግጡን አላውቅም አያ። የዚችን ግን አይተዋል።»

 ሽማግሌው «ያችን ሴት ያለ ሥራዋ አማኋት» ብለው ወደ ወይዘሮ የትነበርሽ ደጅ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

ወይዘሮዋ ይቅርታውን ሰምተው ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «እኔስ ይቅር ልበልዎ። ልጆቼ ግን ‹የቡዳ ልጆች› እየተባሉ ከጨዋታ ተባርረው ነው የከረሙት። ያንን ማን ይመልስልኛል?» አሉ።

ዛሬ የሰፈራችን እድር በየወሩ የቀሐን ዳር ያጸዳል። ከብቱ በከንቱ ከመሞት ድኗል፤ ልብስ የሚያጥቡትም ከቆሻሻ ጋር አይታገሉም። ከሁሉ በላይ ሰው መርምሮ ሊደርስበት የሚችለውን ነገር በጎረቤቱ ማሳበብ እየተወ ነው። የወይዘሮ የትነበርሽን ልጆች ከቤታቸው ጠርተው ወደ ወንዙ ያመጧቸው አያ ዳኛው ራሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ እያየ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ።