ጅቡና ገመቹ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ያዮ ጫካ ቡና ስንለቅም እትዬ ጫልቱ ሙሽራ ነጥቆ ዋሻው ስለሚያስገባ የጅብ ሰው ተረት ይነግሩናል። እኔ ሁሌ “ይድገሙት!” እላለሁ፤ እጮኛዬ ገመቹ አጠገቤ እየለቀመ ይሰማል።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ገመቹ ክንዴን ጨምድዶ ያዘና “ቅደሚ!” ብሎ አምባረቀብኝ። ያ ለስላሳ ሰው! አለቀስኩ።

“ጅቡን ትወጂው የለ? ኃይለኛ ወንድ የምትፈልጊ መስሎኝ እኮ ነው” አለኝ ደንግጦ።

“ሂድልኝ! አልፈልግህም!” አልኩት በንዴት። ይህንንም አመነኝ። ወደ ጎሬ እንደሄደ ቀረ።

ተረቱን የምወደው ፈርቼ ዘወር ስል እሱን ስለማይ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኩትም። ዛሬም ለቀማ ሲደርስ ተረቱን አስነግራለሁ። ፈርቼ ዘወርም እላለሁ።