የክር ራጂ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣት የብስክሌት ጎማ ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት እናት ጠየቁት።

«ልጄ፣ ጎማውን ከመሃል ወጥሮ የሚይዘው የብስክሌት ራጂ ሽቦ አልነበር እንዴ? ይኼ ክር ነው።»

«እንዲቀል ነው እማማ። ጥንካሬው ከሽቦ አያንስም ብዬ ነበር።»

«ነበር?»

«ትናንት ወጥሬው አደረ፤ አሁን ሳየው ረግቧል።»

«መልሰህ ወጥረዋ! ምን ያስደነግጥሃል?»

«ይኼ የኋላው ነው። የፊቱን አብሬ ሠርቼ ለእህቴ ሰጥቻታለሁ። አሁን በሱ ቁልቁለት እየወረደች ነው፤ ስልክ አታነሳም።»

«እመብርሃን ትጠብቃት!»

ቡሬ ልንገባ ስንል ስልኩ ጠራ።

«የት ነሽ? ወደቅሽ እንዴ?»

አዳምጦ ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለች?» አሉት።

«ጎማው ሲወላገድባት ወርዳ ብስክሌቱን እየገፋች በእግሯ እየሄደች ነው። ትሰድበኛለች።»

«ተመስገን! ትስደብህ።»

ጨምድጄ የያዝሁትን የፊቴን ወንበር ለቀቅሁ።