ጋሽ ሚዛን የፈረሙበት ወረቀት

ጋሽ ሚዛን፣ እርስዎ ይቀመጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ውሃ ላይ ሲያስቆሙ ኖረዋል፤ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ የምቆመው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ወደዚህ የውሃ ስፖርት ክለባችን የመጡ ዕለት እኔ ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ ወር አልሞላኝም ነበር። እሳቸው አናጢ ናቸው፤ የተጠሩትም ለዌክቦርዶቻችን መደርደሪያ ሊሠሩ ነው። ለማታውቁ እንግዶች፣ ዌክቦርድ ማለት እግርን አስሮ ከጀልባ ኋላ በገመድ እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው። ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው አለቀ ተባልንና ብንገባ፣ ቦርዶቹ በሙሉ ሥዕላቸውን ወደ ግድግዳ፣ ሆዳቸውን ወደ እኛ አዙረው ተሰቅለዋል። ፀሐፊያችን "ገልብጠው ሰቀሏቸው እኮ" አለቻቸው። "ሰው ቀለሙን አይቶ ይወስዳል፤ ውሃው የሚነካው ግን ሆዱን ነው" አሏት። ይህን የሚሉት ዋና እንኳ የማይችሉ ሰው ናቸው። ሥራ አስኪያጃችን ስቀው ስቀው በማግሥቱ የቦርድ ክፍል ኃላፊ አድርገው ቀጠሯቸው። ቦርዶቹም እስከ ዛሬ እንደዚያው ተገልብጠው ነው ያሉት።

ከዚያ ጋሽ ሚዛን ያሰኛቸው ያ የእህል ሚዛን መጣ። ደንበኛ "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ሳይጨርስ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ስንት ኪሎ ነህ ብለው አይጠይቁም፤ ሰው በኪሎው ይዋሻል ባይ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ወጥ ቤታችን ሰባ ነኝ ብሎ ተወራርዶ ዘጠና አንድ የወጣ ለት ሳምንት ሙሉ አኩርፏቸው ከረመ። ለከባድ ሰው ረዘም ያለ ቦርድ፣ ለቀላል ሰው አጠር ያለ፤ ጀማሪ ከሆነ ግን ኪሎው ከሚጠይቀው ትንሽ ረዘም ያለውን ይሰጡታል፣ ቶሎ ያነሳዋል፣ አያንገዳግደውም። ይህን እኮ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ።

መግፋታቸውስ? የትኛው እግር ከፊት እንደሚታሰር ለማወቅ ደንበኛውን ሳያስበው ከኋላው ገፋ ያደርጉታል፤ ቀድሞ የረገጠው እግር የፊቱ ነው። አንድ የባንክ ሰው የጀልባ መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ተገፋና ከነሸሚዙ ውሃ ገባ። ጋሽ ሚዛን ጎንበስ ብለው፣ "ግራ እግርዎ ነው፣ ጌታዬ" አሉት። ሰውየው እስካሁን በየዓመቱ ይመጣል። ጀርባውን ግን ሰጥቷቸው አያውቅም።

እንግዲህ ቀልዱን ልተው። ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር አለ፤ ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም።

ልጄን ታውቋታላችሁ፣ ያቻት በሩ አጠገብ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አጭሩን ቦርድ ካልያዝኩ ብላ አስቸገረች። ያ ቦርድ ሆዱ መሃል ላይ ቀጥ ያለ፣ ጫፎቹ ድንገት የሚታጠፉ ነው። ወደ ላይ አጉኖ ይወረውራል፣ ሲመልስ ግን አይምርም። ውሃውን ቆንጥጦ የሚይዝ ክንፍም ከሥሩ የለውም። ጋሽ ሚዛን አይሆንም አሉ። "መዝለሉን ችላለች፤ ማረፉን ገና አልተማረችም። ጉብጠቱ ለስለስ ያለውን፣ ባለ ክንፉን፣ አንድ ዓመት ትያዘው" አሉኝ። እኔ ደግሞ አባት ነኝ፤ ልጄን አሳነሷት ብዬ ተቀየምኩ። እሳቸው እረፍት በወጡበት ቀን ቦርዱን ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት፣ ጀልባውንም ራሴ ነዳሁ። ሦስተኛው ዝላይ ላይ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችን ሰብስበውን ቦርዱን ማን እንደሰጣት ጠየቁ። እኔ ከሰው ኋላ ተሸሸግኩ። ጋሽ ሚዛን፣ "እረፍት ከመውጣቴ በፊት መርጬ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ" አሉና የአደጋው ወረቀት ላይ ፈረሙ። ከቦርድ ክፍል ኃላፊነታቸው በዚያው ተነሱ፤ ከዚያ ወዲህ ረዳት ተብለው ነው የሠሩት። ውጭ ተከትያቸው ወጥቼ ለምን እንዲህ አደረጉ ብላቸው፣ "አንተ ብትባረር ልጅቷን ማን ያሳክማታል?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ልጄ ስትድን ያንን ባለ ክንፉን ቦርድ እግሯ ላይ ያሰሩላት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ስትዘልም ስታርፍም እሳቸው እንዳስተማሯት ነው።

ጋሽ ሚዛን፣ ራስዎን አይነቅንቁብኝ፤ አንዴ ተናግሬዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ። አመሰግንዎታለሁ፤ ምስጋናው እንደሚያንስ አውቃለሁ፣ ግን ከዚህ የበለጠ ቃል የለኝም።

ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጅዎ ላይ ያለው የምስክር ወረቀት "ረዳት" ይላል፣ ጠዋት አይቼዋለሁ። እኔን ሰኞ እንደፈለጉ ይቅጡኝ። ወረቀቱ ግን ሳይስተካከል እንዳይሰጣቸው።

በሉ ብርጭቋችሁን ያዙ። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር በሰላም ይጦሩ፣ እነሱን እንኳ አይግፏቸው። ሁላችሁም ብድግ በሉልኝ።

ለቦርድ ክፍል ኃላፊያችን።